በአደራ የተላከች ቴርሞሜትር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣
ዱባይ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከሁለታችን ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ብንከራከር ይህም ደብዳቤ ሳያልቅ ይቀራልና እንተወው። ልጆችሽን ሳሚልኝ። አሁን የጻፍኩልሽ ለጉዳይ ነው።

እኔ አሁንም እዚሁ ደብረ ብርሃን ሳይንስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ተማሪዎቼ በቡድን ሆነው ውኃ አፍልተው ሙቀቱን እንዲለኩ አደረግኩ። ቀዩ መስመር ሽቅብ ወጥቶ 91 ላይ ቆመ። ውኃው ይንተከተካል፣ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ወረቀታቸውን ስሰበስብ ሁሉም ማለት ይቻላል 100 ብለው ጽፈዋል፤ መጽሐፉ 100 ይላላ! አንዷማ 91 ብላ ጽፋ፣ ሰርዛ፣ ከጎኑ 100 አድርጋለች። ያናደዱኝ ልጆቹ አይደሉም። ዓይናቸው ያየውን ትተው የተነገራቸውን መጻፍ ከማን ተማሩት? ከመጽሐፉ ወጣ ያለውን መልስ ሁሉ ኤክስ ከምናደርገው ከእኛ ነው።

"ታዲያ ለምን 91 ሆነ?" አልኳቸው። አንዱ ቴርሞሜትሯ ተበላሽታለች አለ፤ ሌላው በውኃው አመካኘ። እንፈትነዋ! የቧንቧውን ውኃ በታሸገ ውኃ ቀየርን፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን፤ ያው 91። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ብንቀይር ለውጡን የትኛው እንዳመጣው በምን ይታወቃል? ቀጥሎ ቴርሞሜትሯን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነከርናት፤ እንደሚጠበቀው 0 ላይ ቆመች።

ከዚያ ወደ አየሩ መጣን። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ውኃ የሚፈላበት ሙቀትም ከፍ ባልን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባቄላው እዚህ አልበስል እያለ የሚያስመርረን ለዚህ ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት አንደርስ ሴልሲየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1742 የሙቀት መለኪያውን ሲያቀርብ፣ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። (መጀመሪያ የሚፈላበትን 0፣ የሚቀዘቅዝበትን 100 ብሎት ነበር፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉን በሳቅ አናወጡት።)

ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያቺ ቁጥሯን የሰረዘችው ልጅ ግን እጇን አወጣች፦ "ቲቸር፣ በረዶው ላይ ልክ መሆኗ ላይኛው ቁጥር ላይም ልክ መሆኗን ያሳያል?" አያሳይም! መጽሐፉንም እኔንም ዝም ብላ ላለመቀበል መድፈሯ እንዴት ደስ እንዳሰኘኝ።

እንግዲህ የአጎትሽ ልጅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለች ቴርሞሜትር ይሰጥሻል፤ ያቺው ናት። አንቺ ያለሽው ባሕሩ ዳር ነው። የታሸገ ውኃ በክፍት ድስት አፍይ፤ ጨው እንዳትጨምሪበት። ጫፏ የድስቱን ታች እንዳይነካ በክር አንጠልጥያት፤ መስመሩ ሲረጋ አንብቢ። ወደ 100 ከተጠጋ ሰበቡ አየሩ ነው፤ እዚያም 91 ካለ ግን ጥፋቱ የቴርሞሜትሯ ነውና የአየሩን ነገር እንደ አዲስ እንጀምራለን። ልጆቹ ግምታቸውን ጽፈው በፖስታ አሽገዋል።

ሰው ማስደሰት እንደምትወጂ አውቃለሁና አደራ፣ ለእኔ ብለሽ ቁጥሩን እንዳታሳምሪው። 96 ካየሽ 96 በዪኝ። ቴርሞሜትሯን የሚመልስ ሰው እስክታገኚ ቁጥሩን በስልክ ላኪልኝ።

እህትሽ