ስማቸው ሸክላው ላይ ላልተጻፈ የትሮምቦን ነፊዎች ለደከማችሁ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ላበቃን አምላክ ምስጋና ይግባው። ስንደክምበት የቆየነው የትሮምቦን (ቱቦው እየተንሸራተተ የሚነፋ የነሐስ መሣሪያ) ነፊዎች ዝርዝር ተጠናቆ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሸክላዎቹ እየተደመጡ ስሞቹ በየተራ ተጠሩ። ሥራው የብዙ ሰው ነውና ምስጋናዬም በአደባባይ ይሁን።

ነገሩን ለማታውቁት፦ ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የወጡ የቢግ ባንድ (ትልቅ የጃዝ ባንድ) ሸክላዎች ላይ ጎልቶ የሚነበበው የባንዱ መሪ ስም ነው። ከኋላ ተቀምጠው የነፉት አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀሱም፤ የእኛ ሥራ በየሸክላው ትሮምቦን የነፋው ማን እንደሆነ መለየት ነበር። አንዳንዴ መሪውም ይደበቃል፤ የታዋቂው የጃዝ መሪ የዱክ ኤሊንግተን ባንድ ለሌላ ኩባንያ ሲቀዳ «ዘ ጃንግል ባንድ» ተብሎ ወጥቷል።

ጋሼ፣ ወጣትነትዎን ክብር ዘበኛ ውስጥ ትሮምቦን ሲነፉ ያሳለፉት እርስዎ ባይኖሩ ጆሮዬ ባልተከፈተ ነበር። ከ1932 ጀምሮ በኤሊንግተን ባንድ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች መለየት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጆ «ትሪኪ ሳም» ናንተን መሣሪያው አፍ ውስጥ ትንሽ የትራምፔት ድምፅ ማፈኛ ከትቶ፣ በላዩ የተደፈነ ቧንቧ የሚከፈትበትን ጎማ ሲከፍትና ሲዘጋ ድምፁ እንደ ሰው ያለቅሳል፣ ይሟገታል። የፖርቶ ሪኮው ሁዋን ቲዞል የሚነፋው ባለ ቁልፍ ትሮምቦን ስለሆነ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ አይንሸራተትም፤ ደግሞም ሶሎ (ለብቻ የሚነፋ ዜማ) ከመፍጠር ይልቅ የተጻፈውን ዜማ ይይዛል። ሎውረንስ ብራውን ለስላሳና ረጅም ነው፣ ልክ እንደ ቼሎ። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሲቀበል ሦስቱም ባንዱ ውስጥ አልነበሩም። ናንተንማ በ1946 ለሥራ በወጡበት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አርፏል። እርስዎ ግን ድምፃቸውን ከሸክላ ለቅመው አብረዋቸው እንደኖረ ሰው ያውቋቸዋል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሸክላዎቹን አጥበህ ወደ ኮምፒዩተር ለገለበጥክልን ወንድሜ፦ የዚያ ዘመን ሸክላ በደቂቃ «78 ዙር» ቢባልም ሁሉም በትክክል በዚያ ፍጥነት አልተቀዳም። ጥቂት ከፈጠነ ቃናው ይቀጥንና አንዱ ነፊ ሌላውን ይመስላል። የእያንዳንዱን ፍጥነት በትዕግሥት አስተካክለሃል። የሸክላውን ሽሽታ ጠራርገህ እንድታጠፋው ስንጎተጉትህ እምቢ ማለትህንም አልረሳም፤ ሽሽታው ሲጠፋ የከንፈሩና የትንፋሹ አነሳስ አብሮ ይጠፋ ነበር።

በኒውአርክ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው የጃዝ ጥናት ተቋም ሠራተኞችም ምስጋናችን የላቀ ነው። ጆሮ ብቻውን ምስክር እንደማይሆን እዚያ ተረዳን። ሸክላው መሃል፣ ከተለጠፈው ወረቀት አጠገብ የተቀረጸው ቁጥር ቀረጻው የትኛው እንደሆነ ያመለክታል፤ አንዱ ዜማ በአንድ ቀን ደጋግሞ ሲቀዳ ሶሎው ይለያያልና ያለዚያ ቁጥር የምንከራከረው ስለተለያዩ ቀረጻዎች ነበር።

የሬዲዮ ቅጂዎችን ያዋሳችሁን ቤተሰቦች፣ እጅግ የከበደን ክፍል በእናንተ ቀለለ። የሙዚቀኞች ማኅበር ከነሐሴ 1942 ጀምሮ ቀረጻ ስለከለከለ፣ ቪክተርና ኮሎምቢያ የተባሉት የሸክላ ኩባንያዎችም ከማኅበሩ ጋር እስከ ኅዳር 1944 ስላልተስማሙ፣ ከዚያ ዘመን የተረፈን በአብዛኛው የሬዲዮ ስርጭትና ለወታደሮች የታተመ ሸክላ ነው።

እህቴ፣ ሜልባ ሊስተን በ1940ዎቹ በጄራልድ ዊልሰን ኦርኬስትራ ትሮምቦን ትነፋ እንደነበር አንስተሽ ስሟ ከወንዶቹ እኩል እንዲገባ ስለተሟገትሽ አመሰግንሻለሁ። በካውንት ቤዚ ባንድ ትሮምቦን ነፊዎቹ ዲኪ ዌልስና ቤኒ ሞርተን አብረው በነበሩባቸው ዓመታት ላይ እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከራችሁ ጓደኞቼም፣ ማስረጃ ባጣንበት ቦታ «አልተለየም» ተብሎ እንዲጻፍ መስማማታችሁ ለእኔ የሥራው ሁሉ ክብር ነው። በግምት የገባ ስም አንዴ ከታተመ እየተገለበጠ ይኖራል።

ባለቤቴ፣ ቤቱን ለሸክላ ሣጥን ለቀሽልናል፤ እንግዶቻችንንም ሳትሰለቺ አስተናግደሻል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ዝርዝሩ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። «አልተለየም» ላልናቸው ሸክላዎች የሚረዳ ፎቶግራፍ፣ የደመወዝ ወረቀት ወይም ደብዳቤ ያላችሁ እባካችሁ አሳዩን።