የድንገተኛ መውጫው ቁልፍ የት ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን እኔ ወጥቼ ልጄ የሌሊት ሺፍት ትገባለች። እሷ በገባች ቁጥር እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ጥጥ ሲፈተል ብናኙ የማይገባበት የለም። ቅንድብ ላይ፣ መብራት ላይ፣ የአየር ቱቦ ጀርባ ላይ ይተኛል። ከጥጡ ጋር የገባች የሽቦ ቁራጭ ማሽኑን ስትመታ ብልጭታ ትፈጥራለች፤ የጋለ ኩሽኔታም (የማሽኑ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት) ይበቃል። ከዚያ እሳቱ በብናኙ ላይ ይሮጣል። ለዚህ ነው ብናኝ ተጠርጎ ወይም ተመጥጦ መውጣት ያለበት። በኮምፕሬሰር ከተነፋ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ እሳት ካገኘው ሊፈነዳ ይችላል። እኛ ግን ሺፍት ሊያልቅ ሲል በኮምፕሬሰር ነበር የምናጸዳው። ተዉ ያለን ሰው አልነበረም።

አንድ ሌሊት መብራቱ ላይ የተኛው ብናኝ ተያያዘ። ሁላችንም ወደ ኋላ በር ሮጥን። «ድንገተኛ መውጫ» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። ከጽሑፉ ሥር ሰንሰለትና ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መክፈቻው ዋናው በር ላይ ያለው ጥበቃ ዘንድ ነው። አንድ መካኒክ ማጥፊያ ይዞ ደረሰልንና ተረፍን። ሰው ስላልሞተ ነገሩ እዚያው ቀረ። በነጋታው ሰንሰለቱ ቦታው ላይ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2005፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል በዋልንበት ቀን፣ ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ሲል ፍርድ ቤት ፈርዷል። ሠራተኞቹን መውጫ ያሳጣቸው ግን የተቆለፈ በርና በብረት የታጠረ መስኮት ነው። እሳት ማን እንደሚያስነሳ አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል። በር መክፈት ግን ምን ይከብዳል?

ቁልፉ የሌባ ስጋት ያመጣው መሆኑን አውቃለሁ። ፈትል ይሰረቃል፣ እውነት ነው። ግን ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈትና የሚጮህ በር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው።

ከደሴ እርዳታ ቢጠራ እንኳ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ አለበት። እስኪደርስ ድረስ ያለችው ደቂቃ የሠራተኛው ናት።

ሰሞኑን ልጄን በሩን ገፍተሽ ሞክሪው አልኳት። «ተቆልፏል እማዬ» አለችኝ። ተቆጣጣሪዎች ሆይ፣ እባካችሁ ስትመጡ በሌሊት ኑ። ቀን ቀንማ ይከፈታል።