ጉዳዩ፦ በተሳሳተ ምክር ስለተሸጡልኝ ጎልድፊሾች የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ከሱቃችሁ ለልጄ ልደት ሦስት ጎልድፊሾች ገዝቻለሁ፦ አናቷ ላይ ቆብ የመሰለ ሥጋ ያበቀለች ኦራንዳ፣ ዓይኖቹ ወደ ውጭ የወጡ ብላክ ሙር እና ቀጭን፣ ፈጣን ኮሜት። ሻጩ አሥር ሊትር ገደማ የሚይዝ ክብ መስታወት፣ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ)፣ ጌጠኛ ድንጋይና ምግብ ጨምሮ «ሙሉ ዕቃ ነው፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም» አለኝ። ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) እንዲያሳየኝ ብጠይቀው «ለጎልድፊሽ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀ። ደረሰኙን አያይዣለሁ።

ኦራንዳዋ ሞታለች። ከመሞቷ በፊት ውሃው ላይ ተንሳፍፋ አየር ስትጎርስ፣ ስንጥቧም (የምትተነፍስበት አካል) ሲቀላ አይተናል። ጎልድፊሽ ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ ዓሣ ነው፤ ፊልተር በሌለበት ከቆሻሻው የሚወጣው መርዛማ አሞኒያ እዚያው ይጠራቀምና ስንጥቡን ያቃጥለዋል። እንደ ኦራንዳ ላለ ክብ ሰውነት ያለው ዓሣ የሚመከረው ቢያንስ 75 ሊትር ገደማ ነው፤ የሸጣችሁልኝ መስታወት እንኳን ለሦስት ለአንድም አይበቃም።

ይባስ ብሎ ሂተሩ 28 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ ነው የተሰጠኝ። ያ የሞቃት አገር ዓሦች ሙቀት ነው። ኦራንዳና ብላክ ሙር ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ ይስማማቸዋል፤ የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሂተር እዚያው አካባቢ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑም ያነሰ ነው። ዓሣ ሸጦ የሚያድር ሰው ይህን እንዴት አያውቅም?

ብላክ ሙሩ አጥርቶ ስለማያይ በሹሉ ድንጋይ አንድ ዓይኑን ተጎድቷል። ኮሜቱም ምግቡን ሁሉ ቀድሞ ስለሚለቅም ምስኪኑ ፍርፋሪ ሲፈልግ ይውላል። ሁለቱን አንድ ላይ መሸጥ አልነበረባችሁም።

የሰጣችሁኝ የእንክብካቤ ወረቀት «በየሳምንቱ ውሃውን ሙሉ በሙሉ በቧንቧ ውሃ ይቀይሩ» ይላል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለውንና ዓሣን የሚጎዳውን ክሎሪን ስለሚያጠፋው መድኃኒት አንድ ቃል የለበትም፤ የሚገርመው ግን ማጥፊያው እዚያው መደርደሪያችሁ ላይ ተደርድሯል።

ስደውል ያገኘሁት መልስ «ዓሣ ይሞታል፣ ሌላ ይግዙ» የሚል ነው። ልጄ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የኦራንዳዋን፣ የመስታወቱንና የሂተሩን ዋጋ እንድትመልሱልኝ፣ ኮሜቱን ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው እንድትወስዱልኝ፣ ወረቀቱንም እንድታርሙ እጠይቃለሁ። ምትክ ዓሣ አልፈልግም። በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ አቤቱታዬን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ