ትውፊቱም ቦሩ ሜዳን አላስቀረም

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በዚህ ዓምድ አንዱ ጸሐፊ «መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የሚል ሁሉ መከፋፈሉ አይቀርም» ሲል ሌላው «ትውፊት የሰው ሥርዐት ነው፤ አንድ የሚያደርገን ቃሉ ነው» ብሎ መልሶለታል። ሁለቱም ታሪክን ለምስክርነት ቢጠሩም ታሪኩ ለአንዳቸውም አይመሰክርም።

«መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ያሉት የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎች ሉተርና ዝዊንግሊ በ1529 እ.ኤ.አ. በጀርመን ማርቡርግ ከተማ ከ15 አንቀጾች በ14ቱ ተስማምተው ሳለ፣ በቅዱስ ቁርባን ነገር ግን ሉተር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፎ ከዚያ ፈቀቅ አልልም በማለቱ ሳይታረቁ ተለያይተዋል። ይህንን መካድ አይቻልም።

እኔ ግን በተዋሕዶ እምነት ያደግሁ በመሆኔ ቅሬታዬ የሚበረታው በራሴ ወገን ላይ ነው። ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ከ200 ዓመት በላይ ሊቃውንቶቻችንን ያፋጀው የክርስቶስ መቀባትና ልጅነት ክርክር የተነሣው ትውፊት በጎደላቸው ሰዎች መካከል አልነበረም፤ ሁሉም 81ዱን መጻሕፍት የሚቀበሉ፣ ከእስክንድርያ ጳጳስ የሚመጣላቸው፣ የእስክንድርያውን አባት ቄርሎስንና የአበው ትምህርት የተሰበሰበበትን ሃይማኖተ አበውን የሚጠቅሱ ነበሩ። በሐዋርያት ሥራ 10፥38 ኢየሱስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለውን ሲያብራሩ ግን ቅባቶች በቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ፤ ጸጎች የጸጋ ልጅነትን ሦስተኛ ልደት አድርገው ቆጠሩ፤ ካራ የተባሉት ተዋሕዶዎች ደግሞ ሥጋ ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ፣ ማለት በተዋሕዶ ከበረ፣ ወልድ ራሱ ቅብዕ (መቀቢያው) ነው ብለው ጸኑ። ጎጃም፣ ሸዋና ጎንደር በዚሁ ተለያዩ።

ነገሩን የቋጨው የአበው ጥቅስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ የጸጎች የሦስት ልደት ትምህርት ሲወገዝ፣ ከውሳኔው በስተጀርባ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ነበረ። የተዋሕዶን ትምህርት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትክክል መሆኑን ግን የሠራዊቱ ብዛት አያስረዳም። የቅባት ነገርም ቢሆን ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

ትውፊት ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መምህሩ «አንድም» እያለ አንዱን ንባብ በሁለት በሦስት መንገድ ሲፈታ ለሰማ ሰው፣ ትውፊት የመከራከሪያ ሥርዐት እንጂ ክርክርን የሚዘጋ በር አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉ ቢፈቅድ፣ ማን ተከፋፈለ ማን አልተከፋፈለ የሚለው ሙግት ይቅርና፣ አንድ የትርጓሜ መምህርና አንድ የወንጌላውያን የነገረ መለኮት መምህር ይህንኑ የሐዋርያት ሥራ ጥቅስ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን እንዲያብራሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ