ብሎክ ማድረግ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ

ቀን፦ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለቴሌኮም ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያልጠየቅናቸው የጽሑፍ መልዕክቶችና በእነሱ ሰበብ ከስልክ ሂሳባችን የሚቆረጠው ገንዘብ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ቅሬታዬን በስልክም፣ በአካል ቀርቤም አሰምቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «ስልክዎ ላይ ብሎክ ያድርጉት።» ሠራተኞቻችሁ ትሁት ናቸው፤ በእነሱ ቅር አልተሰኘሁም። እንዲሉ የተነገራቸውን ነው የሚሉት። መልሱ ግን ልክ አይደለም። ለምን ልክ እንዳልሆነ በጽሑፍ ላስረዳችሁ ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት።

ብሎክ ማድረግማ አያቅተኝም። አንድሮይድ ስልክ ላይ መልዕክቱን ጫን ብሎ መያዝ፣ ከላይ ብቅ የምትለውን የእገዳ ምልክት መንካት፣ አለቀ። አይፎን ላይም ከላይ ያለውን የላኪውን ስም ነክቶ ማገድ ይቻላል። በቤተሰባችን ስልክ የሚያስተካክለው ሰው እኔ ስለሆንኩ የአክስቶቼንም የጎረቤቶቼንም ስልክ እንዲህ አድርጌ ሰጥቻለሁ።

ከዚያ ምን ሆነ? ድምፁ ጠፋ፤ ቆረጣው ቀጠለ።

የራሴን ልንገራችሁ። በየቀኑ 2 ብር የሚወስድ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ አገልግሎት ነበረብኝ። አልተመዘገብኩም፤ ማን እንዳስመዘገበኝም አላውቅም። መልዕክቱ የሚመጣበትን አጭር ቁጥር አገድኩት። ካርድ ሞልቼ ቀሪ ሂሳቤን ሳይ ግን ሁልጊዜ ይጎድላል። ስልኩ ውስጥ የታገዱ መልዕክቶች የሚቀመጡበትን ማህደር ስከፍት ሁሉም በተርታ ቁጭ ብለዋል። «የዛሬው ጥያቄ…» ይላል አንዱ። ከሥሩ «2 ብር ተቆርጧል፤ እናመሰግናለን» ይላል። የማግስቱም እንደዚያው። ስልኬ ያደረገው ነገር ቢኖር እኔ እንዳላይ መደበቅ ብቻ ነው። መልዕክቱ ከእናንተ ማዕከል ወጥቷል፤ ስልኬ ድረስ መጥቷል፤ ሂሳቡም ተቆርጦበታል።

እንዲያውም ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ገንዘቤ መቆረጡን የሚነግረኝ ያው ያገድኩት መልዕክት ነው። ብሎክ ያደረገ ደንበኛ እየተቆረጠበት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አብሮ ይዘጋበታል። ሠራተኞቻችሁ በቅንነት የሚሰጡት ምክር ደንበኛውን ለባሰ ኪሳራ ይዳርገዋል ማለት ነው። ይህን ነጥብ በደንብ እንድታዩልኝ እለምናለሁ። ምዝገባው ያለው እናንተ ጋ ነው፤ የሚሰረዘውም እናንተው ጋ ነው።

«ስቶፕ ብለው ይላኩ» የሚል መልስም ተሰጥቶኛል። ልኬያለሁ። ለአንዳንዱ ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ብዙዎቹ መልዕክቶች ግን በቁጥር ሳይሆን በስም ነው የሚመጡት። በስም ለመጣ መልዕክት ደግሞ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ከስሙ ጀርባ የሚጻፍለት ቁጥር የለም። መልዕክቱ ውስጥ ማቆሚያ ቁጥር ካልተጻፈ ደንበኛው መሄጃ የለውም። ሲጻፍም አንዱን ሲያስቆሙ ያው ጥያቄና መልስ በሌላ አጭር ቁጥር ይመጣል። አንድ ሰው ስንቱን እያሳደደ ይዘልቃል?

የእናንተው የራሳችሁ መልዕክትም አለ። የጥቅል ማስታወቂያ፣ የዕጣ ማስታወቂያ፣ የበዓል ቅናሽ፣ ሁሉም በድርጅታችሁ ስም ይመጣል። በዚያው ስም ደግሞ ቀሪ ሂሳቤ፣ ጥቅሌ የሚያበቃበት ቀን፣ በአካባቢዬ ኔትወርክ የሚቋረጥበት ሰዓት ይነገረኛል። ማስታወቂያውን ላግድ ብል የሚያስፈልገኝም አብሮ ይታገዳል። ይህንን ስልኬ ሊለይልኝ አይችልም። በአንድ ስም የላካችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከእኔ ይልቅ የእሷ ጉዳይ ነው።

እናቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። የያዘችው የቁልፍ ስልክ ነው፤ መልዕክት ብሎክ የሚያደርግበት ነገር የለውም። ስለዚህ የእናንተ ምክር ለእሷ ከመነሻው አይሠራም። ሱቅ ሄዳ 25 ብር ካርድ ትሞላለች። ለልጆቿ ልትደውል ስትል «ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ይላታል። ለረጅም ጊዜ ካርድ የሸጠላትን ልጅ ነበር የምትጠረጥረው። «ይሄ ልጅ ካርዴን ይበላብኛል» ትል ነበር። ልጁ ምንም አላደረገም። በየቀኑ የሚቆርጡባት አገልግሎቶች ነበሩ፤ አንዱ የዕጣ፣ አንዱ የጤና ምክር፣ አንዱ የእግር ኳስ ውጤት። እናቴ የእግር ኳስ ውጤት ምን ያደርግላታል?

ስልኳ የሚይዘው መልዕክት ውስን ነው። የመልዕክት ሳጥኑ በማስታወቂያ ሲሞላ አዲስ መልዕክት አይገባም። እህቴ ሪያድ ነው የምትሠራው፤ ብር ስትልክላት ባንኩ በጽሑፍ ያሳውቃታል። የባንኩ መልዕክት ግን ሳጥኑ ስለሞላ አይደርሳትም። እህቴ «ከላክሁ ቆየሁ እኮ» ትላለች፤ እናቴ «ኧረ ምንም አልገባም» ትላለች። መሐል ላይ ባንኩ ይወቀሳል። መጨረሻ ላይ ያው የሱቁ ልጅ ማስታወቂያውን አንድ በአንድ ሲያጠፋላት የባንኩ መልዕክት ይገባል። ያልተፈለገ መልዕክት የሚፈለገውን መንገድ እንዲህ ነው የሚዘጋው። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእሷ ግን የወር ቀለብ ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን ደወለችልኝና በደስታ ድምፅ «መኪና ደርሶኛል ይላል፣ ና አንብብልኝ» አለችኝ። መልዕክቱ «እንኳን ደስ አለዎት! የመኪና ባለዕድል ለመሆን ተመርጠዋል» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ «ኦኬ» ብለው ይላኩ ይላል። በቀን 2 ብር እንደሚያስከፍል የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። በእሷ ስልክ ትንሽ ስክሪን እዚያ ድረስ ለመውረድ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። አንድ አጭር መልዕክት በላቲን ፊደል 160፣ በእኛ ፊደል ደግሞ 70 ሆሄ ብቻ እንደሚይዝ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በዚያ ጠባብ ቦታ መጀመሪያ የሚገባው ዋጋው ነው እንጂ የደስታ መግለጫው አይደለም። መኪናው እንዳልደረሳት ማስረዳት በጣም ከብዶኝ ነበር።

ቅርንጫፋችሁ ይዣት ስሄድ «እማማ፣ እርስዎ ነዎት እሺ ብለው የተመዘገቡት» ተባለች። አሳዩን አልን። ሊያሳዩን አልቻሉም። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በመልዕክት ነው ወይስ ስክሪኑ ላይ ብቅ ካለ ጥያቄ ላይ ተጭና? ስክሪን ላይ ብቅ የሚል ጽሑፍ ሲመጣባት ለማጥፋት ብላ ያገኘችውን ቁልፍ ትጫናለች። ይህ ፈቃድ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ፈቃድ አይደለም። ገንዘቡን ለመቁረጥ የሚያበቃ መዝገብ ካላችሁ ያው መዝገብ ለደንበኛው መታየት አለበት።

የሌሊቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በእኛ ሀገር ሌሊት ስልክ ሲጮህ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መርዶ ነው። እናቴ ልጆቿ ተበታትነው ስለሚኖሩ ስልኳን አታጠፋም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ «ዛሬ አልተጫወቱም!» የሚል መልዕክት መጥቶ ከእንቅልፏ ሲቀሰቅሳት እስኪነጋ እንቅልፍ አይወስዳትም። ይህን ለማስቆም ምንም ጥናት አያስፈልግም።

ሕጉንም አይቻለሁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ ማስታወቂያ በኢሜይል ወይም በተመሳሳይ የኮምፒውተር አድራሻ ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ማስታወቂያው ከቅጣቱ ነፃ ከሚሆንባቸው ሁኔታዎች አንዱ ላኪው ማንነቱንና አድራሻውን ሲገልጽና ተቀባዩ በቀላሉ አልፈልግም የሚልበትን መንገድ ሲያስቀምጥ ነው። አንቀጹ ለአጭር የጽሑፍ መልዕክት ይሠራል አይሠራም የሚለውን ሕግ አዋቂዎች ይከራከሩበት። እኔ ስማርት ስልክ ኮምፒውተር ነው ብዬ አምናለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ስልክ ቁጥሬ የእኔ መረጃ ነው። ማንንም ማሳሰር አልፈልግም። የምፈልገው «በቀላሉ አልፈልግም የሚልበት መንገድ» የሚለውን ቃል እናንተ ቤት ማግኘት ነው።

አይቻልም እንዳትሉኝ ሌላ ሀገር የሚሠራውን ልጥቀስ። ሕንድ ውስጥ ደንበኛ ወደ 1909 ደውሎ ወይም መልዕክት ልኮ ማስታወቂያ አልፈልግም ብሎ ይመዘገባል። ሁሉንም መዝጋት ይችላል፤ የባንክ ወይም የትምህርት ማስታወቂያ ብቻ ይምጣልኝ ብሎ መምረጥም ይችላል። የሂሳብ እንቅስቃሴ መልዕክት አይነካበትም። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ደግሞ በላኪው ስም መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል። «ፒ» ካለ ማስታወቂያ ነው፤ «ኤስ» አገልግሎት፣ «ቲ» የክፍያና የመሰለው፣ «ጂ» የመንግሥት። ሰው ሳይከፍተው ምን እንደሆነ ያውቃል። ከእኛ ስንት እጥፍ ሕዝብ ያለው ሀገር ከቻለ እኛን የሚያቅተን ለምንድን ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በመጀመሪያ የእናቴና የእኔ ቁጥር ላይ ያሉ በክፍያ የሚላኩ አገልግሎቶች በሙሉ ከእናንተ ሲስተም ላይ ይሰረዙ፤ ያለ እኛ የጽሑፍ ፈቃድም ዳግመኛ እንዳይመዘገቡ ይታገዱ። እስካሁን የተቆረጠው ዝርዝሩ ይሰጠን፤ ፈቃዳችን ያልታየበት ገንዘብ ይመለስልን። ብሩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። 2 ብር በቀን በዓመት 730 ብር ነው፤ እናቴ ላይ ደግሞ ሦስት አገልግሎት ነበር።

ለሌላውም ደንበኛ የሚጠቅም ነገር አለ። ማስታወቂያችሁን ከአገልግሎት መልዕክታችሁ ለዩት፤ ሁለት የተለያየ ስም ይኑረው፤ የፈለገ ማስታወቂያውን ብቻ ያግድ። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው እንዲጠቀምበት በኮድ ተደውሎ ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ጊዜ የሚያስቆም መንገድ ክፈቱ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛም ይሁን። ምዝገባ ሲሆን ደንበኛው ሁለተኛ ጊዜ «አዎ» እስኪል አይቆረጥ፤ ዋጋውም በመጀመሪያዎቹ 70 ሆሄያት ውስጥ ይግባ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ማስታወቂያ አይላክ።

ይዘቱን የሚያቀርቡት ሌሎች ድርጅቶች ናቸው እንደምትሉ ይገባኛል። ውላቸው ግን ከእናንተ ጋር ነው። ገንዘቡን ከእናቴ ሂሳብ ላይ የሚቆርጠውም የእናንተ ሲስተም ነው። እናቴ እነሱን አታውቃቸውም፤ የምታውቀው እናንተን ነው። ለዚህም ነው ወደ እናንተ የጻፍኩት።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እጠብቃለሁ። ስሜና የሁለታችን ስልክ ቁጥር በቅሬታ ቅጹ ላይ ተሞልቷል። የታገዱት መልዕክቶችና የተቆረጠው ሂሳብ ፎቶ፣ እንዲሁም የእናቴ የውክልና ወረቀት ተያይዟል።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ