ከሳነቴ አምባ ማዶ፣ ለወንድሜ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህ፣ አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ መጥፋቱ ቅያሜ መስሎህ ከሆነ፣ ቅያሜ አልነበረም። ሥዕሎችህ በተደረደሩበት ክፍል ቆመን ፎቶግራፎቼን አገላብጠህ ካየህ በኋላ «ተራራው ያምራል፤ ነገር ግን ማንም የማይኖርበት አገር አስመሰልከው» ብለኸኝ ነበር። ለዚህ ቃልህ በስልክ የምሰጥህ መልስ አልነበረኝም፤ በሥራ ልመልስልህ ስል ጊዜው ነጎደ።

እንደምታውቀው የስሜን ተራሮች የብዙ ዘመን እንጀራዬ ናቸው። እዚያ ገደሉ ራሱ የተጠናቀቀ ሥዕል ስለሆነ ፎቶ አንሺው የሚጨምርበት ነገር ጥቂት ነው፤ ጨነቅ በተባለው የስሜን ገደል አፋፍ ላይ በማለዳ ተገኝቶ ጉሙ ከቆላው እስኪነሳ መታገሥ ይበቃዋል። ዳሎልም ከዚህ ብዙ አይለይም። ቢጫውንና አረንጓዴውን ማንም ቢያነሳው ያምራል፤ የማን ፎቶ እንደሆነ ግን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ፊቴን ወደ ባሌ አዞርኩ፤ አሁንም የምጽፍልህ ከጎባ ነው።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። ቦታው ፎቶ አንሺን በቀላሉ አያስጠጋም። ዓይን የሚያርፍበት ገደል የለውም፤ ቱሉ ዲምቱ እንኳ 4,377 ሜትር ሆኖ ሳለ ከአምባው ላይ ሲያዩት ተራ ጉብታ ይመስላል። ብርሃኑም ያስቸግራል። በሰሜን አውሮፓ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቻችን በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ አድማሱን ታክካ ስለምትሄድላቸው ለስላሳውን ብርሃን ለሰዓታት ያገኙታል፤ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ በሚርቀው በዚህ አገር ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቅ ካለች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ያበቃል። የአየሩም ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከስድስት አሥረኛው እምብዛም ስለማይበልጥ ጨረሩን የሚያለዝበው ነገር ትንሽ ነው፤ ፀሐይ ያገኘው ድንጋይ ይነጣል፣ ጥላው ደግሞ ካሜራው ምንም ሊያነብበት እስከማይችል ድረስ ይጠቁራል።

መፍትሔው ሰፊውን እይታ ትቶ ማጎንበስ ሆነ። ሌሊት ውርጭ የመታው ሣር፣ ሽበት ያወጣ አለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጅብራ የሚባለው ግዙፍ የደጋ ተክል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያሰፋ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት ሳውቅ ያበበውንና የደረቀውን ጎን ለጎን የማገኝበትን ቦታ ፍለጋ አምባውን በእግሬ አሰስኩት። ጉም ሲመጣ የኋላው ገጽታ ስለሚጠፋ፣ በጠራራ ፀሐይ የማይታይ ቅርጽ ያን ጊዜ ጎልቶ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ካየሁት ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ። ባትሪዎቹን ከሸሚዜ ሥር አቅፌ አድራለሁ፤ ያለዚያ ብርዱ ጎህ ሳይቀድ ይጨርሳቸዋል።

አሁን ወደ ቃልህ ልመለስ። ሳነቴን የሚያይ ሰው ሁሉ ባዶ ምድር ነው ይላል፤ ቀይ ቀበሮው በባሌ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲያደባበት እየተመለከተ፣ ሰው ያልደረሰበት ዓለም ያገኘ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ፊንጫ ሃበራ በተባለ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የአለት መጠለያ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እንደኖሩ፣ ያንኑ ፍልፈል እየጠበሱ እንደበሉና ከባልጩት መሣሪያ እንደሠሩ ተረጋግጧል። የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮችም ጎዳንቱ በሚሉት ሥርዓታቸው ከብቶቻቸውን በየወቅቱ ወደ ደጋው ግጦሽና ማዕድን ወዳለው የምንጭ ውኃ፣ ወደ ሆራው፣ እየነዱ ኖረዋል። ሰውን ከዚህ ምድር ፎቶ ማስወጣት እንግዲህ ውበትን መምረጥ ብቻ ሳይሆን ታሪክን መፋቅም ነው፤ አንተ ያልከው ይህንን ነበር፤ እኔም በዚህ ተስማምቻለሁ።

ክርክሩ የጠነከረብኝ ሐረና ጫካ ውስጥ ነው። ከአምባው ቁልቁል ሲወርዱ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ይቀበልሃል፤ እየዘለቅህ ስትሄድ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለባቸው ግዙፍ ዛፎች፣ ከዚያም በታች በጥላቸው ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ታገኛለህ። ከቅርንጫፉ ላይ ደግሞ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። አንድ ገዢ ከእነዚህ ፎቶዎች ትልቁን ወድዶት ሳለ «ቀፎውን በኮምፒውተር አጥፋልኝና እወስደዋለሁ» አለኝ። አላጠፋሁም፤ እሱም አልወሰደም። ገንዘቡ ባይቆጨኝ ውሸታም እሆናለሁ፤ ነገር ግን ቀፎው ከወጣ ያ ዛፍ የትም አገር ያለ ዛፍ ይሆናል፤ ዛፉን ሳይቆርጠው ያቆየው ሰው እኮ ቀፎውን የሰቀለበት ነው። ባሌ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንዲህ ያለ ገዢ የሚበዛ ይመስለኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የምሄደው ወደ አባባ አገር ወደ መንዝ ነው። ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር የአገሩ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዓመታት እየዘጋ፣ ከዚያ ለአጨዳ እየከፈተ እንዳቆየው፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ካፈረሰው በኋላም ሕዝቡ ራሱ ተመካክሮ ጥበቃውን እንደመለሰው ታውቃለህ። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬ የሚኖሩት በዚያ ጥበቃ ነው። ሰው የሠራው ተፈጥሮ ማለት ይህ ነውና፣ ሣሩን ብቻ ሳይሆን ቤት የተከደነበትንና ገሳ የተሠራበትንም ላነሳ አስቤአለሁ። አባባ በልጅነታቸው አጨዳው ሲከፈት አይተው እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባና የደፈረ ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር ጠይቅልኝ፤ እሳቸው ሲናገሩ ብትጽፈው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ቀለምህንና ሸራህን ይዘህ ብትመጣ ማረፊያውን እኔ አዘጋጃለሁ።

እስከዚያው ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህን ህትመቶች ተመልክተህ የማይረባውን ሳትራራ ንገረኝ። የጅብራውን እኔም እጠራጠረዋለሁ፤ የጉሙ ግራጫ በጥጥ ወረቀቱ ላይ ወደ ሰማያዊ አዘንብሎብኛል፤ በዚህ ነገር ደግሞ ከእኔ ዓይን ይልቅ ያንተን አምናለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ጎባ