ለላይቤሪያው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ቦአካይ፦ ዝዌድሩ ላይ ትጥቅ ስለፈቱት ልጆች

ክቡር ፕሬዚዳንት ጤና ይስጥልኝ፣ እኔን አያውቁኝም፣ በተመድ ስር ላይቤሪያ ከዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ አንዱ ወታደር ነበርኩ፣ ቦታችን ግራንድ ገዴ፣ ዝዌድሩ ነበር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳይምታታ)

የእርስ በርስ ጦርነታችሁን ያቆመው የአክራው የሰላም ስምምነት በ2003 ተፈርሞ ትጥቅ ማስፈታቱ ሲጀመር የሚመጡትን ሳይ ደነገጥኩ፣ ክላሹ ከነሱ የሚረዝም ልጆች ናቸው እኮ። ለፈታ ሰው 300 ዶላር፣ እሱም በሁለት ዙር። በአገሪቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበና የተሰበሰበው መሳሪያ 28 ሺህ አካባቢ ሆነ፣ ዶላር አለ ሲባል ያልተዋጋውም ተሰልፎ ነበራ!

ልጆቹስ 300 ዶላራቸውን ይዘው ሄዱ፣ ያስታጠቋቸው ትልልቆቹስ? በጦርነቱ የአማፂ መሪ የነበሩት ፕሪንስ ጆንሰን እስኪሞቱ ድረስ ሴናተር ነበሩ፣ በ2023ቱ ምርጫም ከርስዎ ጎን ቆመዋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄን ሳልል አላልፍም። ስለዚህ በ2024 የጦር ወንጀልና የኢኮኖሚ ወንጀል ፍርድ ቤት የሚያደራጅ ቢሮ ይቋቋም ብለው ሲፈርሙ ደስ አለኝ፣ የእውነትና እርቅ ኮሚሽኑ ይህንኑ ከመከረ እኮ 15 ዓመት ሊሞላው ነበር። ግን ቢሮ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ዳኛ ይቀመጥ እንጂ።

ጆርጅ ዊሃ በጥቂት ድምፅ ተሸንፎ ያለ ግርግር ስልጣን ማስረከቡን ሳይ በእውነት ቀናሁ፣ ለኛ አገር ብርቅ ነው። ፖለቲካው እንግዲህ ተረጋግቷል እንበል፣ ሆድስ? በ2010 4.6 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሰረዘላችሁ፣ አገሪቱ ቀና ስትል በ2014 ኢቦላ መጣ፣ ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ዝዌድሩ ግን ክረምት ሲገባ ከሞንሮቪያ የሚመጣ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ቀናት ይቆም ነበር፣ ሩዙ እዛው መንገድ ላይ ነው የሚወደደው። እቅድዎ "አሬስት" ውስጥ እርሻም መንገድም አለ፣ (ስሙ ሲተረጎም እስር ነው፣ ማን እንዳወጣው እንጃ) ታዲያ ስራው ከዋና ከተማው ሳይሆን ከጫካው ጫፍ ይጀመር ነው የምልዎት፣ ምክንያቱም ያኔ ክላሽ ያስረከበኝ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ ልጁ ደሞ ስራ አጥቶ እርስዎ ራስዎ በ2024 የአገር አደጋ ነው ብለው ያወጁት የአደንዛዥ እፅ ነገር ውስጥ ይገባል።

በአማርኛ ስለጻፍኩ ይቅርታ፣ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲያችሁ ያስተረጉምልኛል ብዬ ነው።